ሁለት መጋረጃ፣ አንድ መስኮት

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ ጡረታ የወጡ የሥነ ሕንጻ መምህርና፣ በእሳቸው ክፍል ጥቂት ዓመት ተምራ ወደ ፎቶግራፍ የዞረች የቀድሞ ተማሪያቸው። ጠረጴዛው ላይ ለኤግዚቢሽን የታተሙ የአዲስ አበባ ፎቶዎች ተዘርግተዋል። ጸሐፊው ቡና ከመጠጣትና ማስታወሻ ከመያዝ በቀር ድርሻ አልነበረውም።

መምህሩ፦ ይቺን ፎቶ ወድጃታለሁ። ርዕሷን ግን ማን አወጣላት?

ፎቶ አንሺዋ፦ እኔው ነኝ ጋሼ። ምነው?

መምህሩ፦ «የተከፈለች ነፍስ» ይላል። ነፍስ የት አለች እዚህ? እስቲ የሚታየውን ብቻ ንገሪኝ።

ፎቶ አንሺዋ፦ እሺ። ፒያሳ የነበረ የድሮ ቤት ነው። ባለ ሁለት ክንፍ ሰፊ የእንጨት መስኮት። ግራው ክንፍ ላይ ቢጫ አበባ የታተመበት መጋረጃ፣ ቀኙ ላይ በእጅ የተሠራ ነጭ ዳንቴል። መሐል ለመሐል፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ የችፑድ ግድግዳ ጠርዝ ይታያል። በግራ አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል፤ የቀኙ ተወልውሎ ያበራል።

መምህሩ፦ ችፑዱ እዚያ እንዴት ደረሰ?

ፎቶ አንሺዋ፦ ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ነዋ። ሁለት ቤተሰብ ይኖርበት ነበር።

መምህሩ፦ ማን ከፈለው? መቼ?

ፎቶ አንሺዋ፦ ቀበሌ ይመስለኛል።

መምህሩ፦ አየሽ፣ «ይመስለኛል» ያልሽው ቦታ ላይ ነው ፎቶሽ የሚደክመው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተላለፉ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ እንዲቀንስ ተደረገ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ ቤቱን የሚያድስ ገንዘብ ግን ከየት ይምጣ? ቤተሰብ ሲበዛ፣ ልጅ ሲያገባ፣ ትልልቁ ክፍል እየተሸነሸነ ሄደ። ያ ግድግዳ የቆመው አናጢው ባሰበው ቦታ አይደለም፣ የአንዱ ቤተሰብ ድርሻ ያለቀበት ቦታ ላይ ነው። መስኮቱ መሐል ላይ ቢያርፍ ምን ይደረግ? መስኮቱን የከፈለው ነፍስ አይደለም ልጄ፣ አዋጅ ነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ይሄንን ሁሉ ታዲያ ተመልካቹ ላይ ልጫንበት? ሰው ፎቶ ሊያይ ነው እኮ የሚመጣ፣ ነጋሪት ጋዜጣ ሊያነብ አይደለም።

መምህሩ፦ አትጫኝበት። አንቺ ግን እወቂው። አሁን ያወጣሽውን ርዕስ ካይሮ ላለ መስኮት ብንለጥፈው ይሄዳል፤ ናፖሊ ላለም ይሄዳል። ለየትኛውም መስኮት የሚሄድ ተምሳሌት ስለዚህኛው መስኮት ምንም አልነገረኝም ማለት ነው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ቆይ፣ የባሰውን ሳይሰሙ አይቆጡ። የኤግዚቢሽኑ መግለጫ ላይ «ሕንጻው ሰም ነው፣ ወርቁን ተመልካች ያውጣው» ብዬ ጽፌያለሁ።

መምህሩ፦ (እየሳቁ) ይሄንኑ ነበር የፈራሁት! ካንቺ በፊት ስንት ካታሎግ ላይ እንዳነበብኩት ብትቆጥሪ! ሁሉም ስለ ወርቁ ያወራል፤ ሰሙን የሚሠራ ጠፋ። ቅኔ ቤት ግን ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቁም አይሰማም፣ መምህሩም ይመልስሻል። ላንቺ ሰሙ ችፑዱ ነው። መጀመሪያ ችፑዱን በደንብ አሳዪኝ።

ፎቶ አንሺዋ፦ እሺ፣ ይሄንን እንዳሉት ያደረገ ሰው ይጥሩልኝ።

መምህሩ፦ ዴቪድ ጎልድብላት። የውጭውን በፈረንጅ አቆጣጠር ልናገር። በ1930 ራንድፎንቴን፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ያለች የወርቅ ማዕድን ከተማ ተወለደ፤ በ2018 አረፈ። በ1998 ያሳተመው ትልቁ መጽሐፉ የደቡብ አፍሪካ ነገሮች ያኔ እንዴት ተዋቅረው እንደነበር በሕንጻ የሚያሳይ ነው። ፖሊስ ሲደበድብ አታይበትም። የምታይው ቤተ ክርስቲያን፣ ሐውልት፣ አጥር፣ የሠራተኛ መኝታ፣ የነጭ ሰፈር ቪላ ነው። የአፍሪካነሮቹን የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያናት ለዓመታት እየዞረ አነሳ። በኋለኛው ዘመን ከተሠሩት አንዳንዶቹ መስኮታቸው ጠብቦ፣ ግድግዳቸው ወደ ውስጥ ተዘግቶ፣ ምሽግ መስለው ታያቸዋለሽ። ሰው ስለ አፓርታይድ ፍርሃት ብዙ ጽፏል፤ እሱ ፍርሃቱን ግንበኛ ሲገነባው አሳየ።

ፎቶ አንሺዋ፦ ይሄማ እኔ የምለውን ነው የሚያጠናክረው። «ምሽግ» አሉ። ተምሳሌት ነው።

መምህሩ፦ ነው! ተምሳሌት አልጠላሁም፤ በነጻ መገኘቱን ነው የጠላሁት። የጎልድብላትን የፎቶ መግለጫዎች አንብቢ። ኦፕ ዲ በርግ የምትባል ቦታ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ሲያነሳ ከሥሩ የጻፈው ሁለት ቀን ነው፦ ቤተ ክርስቲያኗ የተመረቀችበትን፣ ሐምሌ 31 ቀን 1966፣ እሱ ያነሳበትን፣ ግንቦት 23 ቀን 1987። ቦታውን ይጨምራል፣ አለቀ። አንድም ቅጽል የለበትም። ሥርዓቱ የት እንደነበረና የት እንደደረሰ በነዚያ ሁለት ቀኖች መሐል ራስሽ ታሰዪዋለሽ። ፊታስ የሚባለውን የሕንዶች ሰፈርም ሊፈርስ ሲል አንስቶታል። የዘር ሰፈር ክፍፍል ሕጉ በ1950 ወጥቶ፣ ሱቆቹና ቤቶቹ በ1970ዎቹ ሲፈርሱ፣ እሱ ከመፍረሳቸው በፊትም በኋላም እዚያ ነበር።

ፎቶ አንሺዋ፦ እኔ ከደቡብ አፍሪካ የምወደው ፖንቴ በተባለው ማማ ላይ የተሠራውን ሥራ ነው። ያክስቴ ልጅ ጆሃንስበርግ ይኖራል፤ የኛ ሰዎች ከሞሉበት ከጄፒ መንገድ ሱቁን ዘግቶ ሲወጣ ያንን ማማ አሻቅቦ እያየ እንደሚሄድ ይነግረኛል። ፖንቴ በ1975 የተሠራ ባለ 54 ፎቅ ድፍን ክብ ነው። «ድፍን» አልኩ እንጂ መሐሉ ባዶ ነው፤ ወደ ውስጠኞቹ ክፍሎች ብርሃን እንዲገባ ከላይ እስከ ታች የተተወ ጉድጓድ አለው። የነጮች ብቻ ተብሎ በተከለለ ሰፈር ለነጮች ተሠራ። ኋላ ነጮቹ ለቀው ሄዱ፤ ከኮንጎ፣ ከናይጄሪያ፣ ከዚምባብዌ የመጡ ሰዎች ገቡበት፤ ያ ጉድጓድ ስንት ፎቅ ድረስ ቆሻሻ ተቆለለበት። ከዚያ በኋላ ጋዜጠኛው ሁሉ የከተማዋ ውድቀት ተምሳሌት አደረገው። ባለሀብቶች ገዝተው፣ ነዋሪ አስወጥተው ሊያድሱት ሞከሩ፤ በ2008 ገንዘቡ ደረቀ።

መምህሩ፦ ፎቶ አንሺዎቹ ያኔ ገቡ።

ፎቶ አንሺዋ፦ ሚካኤል ሱቦትስኪና ፓትሪክ ዋተርሃውስ። እኔ ብሆን ጉድጓዱ ሥር ተኝቼ ወደ ላይ አንዲት አስደናቂ ፎቶ አነሳና እሄዳለሁ። እውነቴን ነው፣ ያቺ ፎቶ የማታጓጓው ሰው የለም። እነሱ ግን በየፎቁ እያንኳኩ ወጡ። የእያንዳንዱን ቤት በር፣ በእያንዳንዱ መስኮት የሚታየውን፣ ቤት ውስጥ የተከፈተውን ቴሌቪዥን፣ ሦስቱን ነገር ብቻ አነሱ። ከዚያ እንደ ማማው ከላይ ወደ ታች ደረደሩት፤ ከኋላው መብራት በተገጠመለት ረጅም ሳጥን ላይ። በሮቹን ሲያዩ በከፊል የተከፈተ አለ፣ ልጅ አንገቱን ያወጣበት አለ፣ ጥርቅም ያለ አለ። በ2015 የዶይቼ ቦርዘ የፎቶግራፍ ሽልማት ወሰዱበት።

መምህሩ፦ ስለዚህ የውድቀቱን ተምሳሌት አፈረሱት?

ፎቶ አንሺዋ፦ አላፈረሱትም። በር በበር ቆጠሩት። ሲቆጠር ለካ ሌላ ነገር ነው፤ አንዱ ቤት እግር ኳስ ያያል፣ ሌላው ቤት ፊልም። ውድቀት የሚባለው ሕንጻ ውስጥ ሰው ራቱን እየበላ ነው።

መምህሩ፦ ይኸው፣ ራስሽ አልሽው። በይ ቀጥዪ፣ ይሄኛው ምንድን ነው?

ፎቶ አንሺዋ፦ ይሄ የጎን ግድግዳ ነው። ቤቱ ፈርሷል፤ አጠገቡ ያለው ገና አልፈረሰም። በጎረቤትየው ግድግዳ ላይ የፈረሰው ቤት ቀርቷል። ከታች ሰማያዊ ቀለም፣ ከላይ ሮዝ። እዚህ ጋ ጥላሸት አለ፤ ወጥ ቤቱ ነበረ። ጥላሸቱ መሐል ንጹሕ አራት ማዕዘን ታያላችሁ፤ መደርደሪያ ተሰቅሎበት የነበረ ነው። እዚህ ደረጃው በሰያፍ ሲወጣ ያሳረፈው መስመር። ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የቀን መቁጠሪያ፣ ቅጠሉ አልቆ ካርቶኑ ብቻ የቀረ።

መምህሩ፦ ይሄ ከመስኮቱም ይበልጣል። ርዕስ አልሰጠሽውማ?

ፎቶ አንሺዋ፦ «ትዝታ»።

መምህሩ፦ በሞትኩት! ትዝታማ ዘፈኑም ቅኝቱም አልቻለውም፣ አንቺ ደግሞ ግድግዳ ጨምረሽለት! ቀራጺዋን ሬቸል ዋይትሪድን አስታውሺ። በ1993 ምሥራቅ ለንደን፣ ግሮቭ ሮድ ላይ፣ ረድፉ ሁሉ ፈርሶ አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር። ውስጡን በኮንክሪት ለበጠችው፤ ግድግዳውን ከውጭ ላጠችው። የቆመው ቤቱ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ የነበረው ባዶ ቦታ ነው፣ ድንጋይ ሆኖ። የእሳት ምድጃው ወደ ውጭ አበጠ፣ መስኮቱ ተገለበጠ። ርዕሱን ምን አለችው? «ቤት»። በቃ። የተርነርን ሽልማት ባሸነፈችበት ኅዳር ወር፣ በዚያው ምሽት፣ የወረዳው ምክር ቤት ይፍረስ ብሎ ወሰነ። ጥር 11 ቀን 1994 ፈረሰ። ለንደን ውስጥ የቤት ነገር፣ የድሃ ቤት ነገር፣ ያን ያህል ያነጋገረ ቅርጽ አላውቅም። ሴትዮዋ ግን «ናፍቆት» ብላ አልጻፈችበትም።

ፎቶ አንሺዋ፦ እሺ፣ ትዝታ ይሰረዝ። ግን አንድ ነገር ልናገር፣ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎ ስለ ችፑድና ስለ አዋጅ ሲያወሩ ጥሩ ነው። ስለ ፒያሳ በረንዳዎች ሲጀምሩ ግን...

መምህሩ፦ ምን ሆንኩ? ያ የእንጨት በረንዳ እኮ የአርመንና የሕንድ ግንበኞች እጅ ያለበት፣ ከሀበሻ አናጢ ጋር ተቀላቅሎ ሌላ ቦታ የማታገኝው ሥራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፎቶ አንሺዋ፦ በረንዳውን እርስዎ ከመንገድ ነው ያዩት። እኔ እንዲያ ያለ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። ክረምት ሲገባ አልጋ እያሸጋሸግን ድስትና ባልዲ እንደረድራለን። ሽንት ቤቱ ጊቢው ውስጥ አንድ ነው፤ ለሁሉም። በረንዳው ላይ መቆም ደግሞ ክልክል ነበር፤ እንጨቱ በስብሶ ይወድቃል ተብሎ እናቴ ገመድ አስራበት ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት ካሜራ የተሸከመ ሁሉ እየመጣ ያቺኑ በረንዳ በቅርብ ሌንስ አንስቶ «የሚጠፋ ውበት» ብሎ ይለጥፋል። ገመዱን ከፍሬሙ ያስወጣዋል።

መምህሩ፦ (ዝም ካሉ በኋላ) ገመዱን አንስተሽዋል?

ፎቶ አንሺዋ፦ ያኔ ካሜራ መቼ ነበረኝ! አሁን ግን ገመድ ፍለጋ ነው የምዞረው ማለት ይቻላል። ፍርስራሽ ሁሉ ሐዘን አይደለም። አንዳንዷ ሴት ቁልፏን ይዛ ኮንዶሚኒየም ስትገባ እልል ብላለች። ሐዘኑ ደግሞ ፎቶ አንሺው ከሚያስበው ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ዕድሩ ተበተነ፣ ቡና የሚጣጡት ሰዎች አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ወጣ። ይሄ ደግሞ ግድግዳ ላይ አይታይም።

መምህሩ፦ ይታያል እንጂ። ኮንዶሚኒየሞቹ ጊቢ ውስጥ የጋራ መገልገያ ብሎክ አለ፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። ንድፉ ሲሠራ ባንድ ፎቅ ላይ ተነባብረው የሚኖሩ ሰዎች በዓል ሲመጣ የት ይረዱ የሚል ጥያቄ ተነስቷል ማለት ነው። ለሠርግ ድንኳን የሚጣልበትን፣ ሌላ ቀን የሚቆለፈውን፣ አንዳንድ ቦታ ሱቅ የሆነውን ያንን ቤት ያነሳ ፎቶ አንሺ አላየሁም። ዕድር ስትፈልጊ እዚያ ሂጂ።

ፎቶ አንሺዋ፦ ይሄንን ልስረቅዎ። ለነገሩ ሕንጻን ጨርሶ አስወጥቶ ከተማን ማሳየትም ይቻላል። ግርማ በርታን ይውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲንና የኢንስታግራምን ድጋፍ ያገኘበት ሥራ። መንገድ ላይ የሚሄዱ ሰዎችን በስልኩ አነሳ፤ ከዚያ ከተማውን ቆርጦ ጣለና ከበስተጀርባቸው ድፍን ቀለም አደረገ። ሰውየውና ጥላው ብቻ ቀሩ። አንድም ግድግዳ የለም።

መምህሩ፦ አየዋለሁ እኮ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ግድግዳ የለም አትበይ። ሰውየው ጎንበስ ያለበት አንግል፣ የተሸከመው ነገር፣ የጫማው አቧራ ከየት መጣ? ከተማውን ከኋላው ሲወስዱበት ትከሻው ላይ ምን እንደቀረ ታየ። ታደሰ መስፍን ደግሞ ከሌላ በኩል መጣ። «የሕይወት ምሰሶዎች» ባለው ተከታታይ ሥዕሉ የገበያ ሴቶችን ቀጥ ብለው፣ ረዝመው፣ እንደ ኮለን ቆመው ሣላቸው። እስቲ አስቢው፤ ጉልት ያለች ሴት ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ነው የምትውል። የሱ ሥራ ማቆሟ ላይ ነው። ምሰሶ ምን እንደሚሠራ ያወቀ ሰው ነው ይሄንን የሚያደርግ፤ ምሰሶ ጌጥ አይደለም፣ ከላዩ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ ወደ መሬት የሚያወርድ ነው። እነዚያ ሴቶችም ከላያቸው ስንት ልጅ፣ ስንት ቤት ኪራይ አለ።

ፎቶ አንሺዋ፦ እንግዲህ አሁን ላሸንፍዎ ነው። ጁሊ ምህረቱ።

መምህሩ፦ እሷንስ እንዴት አድርገሽ በኔ ላይ ታዞሪያታለሽ?

ፎቶ አንሺዋ፦ አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1970 ተወልዳ፣ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ አሜሪካ የሄደች ሰዓሊ ናት፤ ይሄንን ያውቃሉ። «ሞጋማ» የሚባለውን ባለ አራት ክፍል ሥራዋን በ2012 ካስል ከተማ ዶኩሜንታ ላይ አሳየችው። እያንዳንዱ ሸራ ቁመቱ ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ነው። ሞጋማ ካይሮ ታህሪር አደባባይ ላይ ያለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የነበረ ግዙፍ ሕንጻ ነው፤ ግብጻዊ ሁሉ ለወረቀት ይንከራተትበት የነበረ። በ2011 ሕዝቡ አደባባዩን ሲሞላ ያ ሕንጻ ከበላይ ቆሞ ነበር። እሷ የሕንጻውን መስመር ሳለች፣ በላዩ ላይ የሌሎች አደባባዮችን ሕንጻዎች ሳለች፣ እንደገና ሌላ፣ እንደገና ሌላ። በላዩ ላይ ጥቁር ጭረት፣ ጭስ የሚመስል ድብዝዝ። ፊቱ ሲቆሙ የትኛው መስመር የየትኛው ከተማ እንደሆነ አይለይም። ቀን የለ፣ መግለጫ የለ፣ አድራሻ የለ። ሆኖም ይሠራል። የእርስዎ ደንብ እዚህ ጋ ወደቀ።

መምህሩ፦ ግማሹ ወደቀ። ተመልካቹ ላያነበው ይችላል፤ ልክ ነሽ፣ በዚህ ተረታሁ። ግን ከሥር ያሉት መስመሮች የፈጠራ መስመሮች አይደሉም፤ የእውነተኛ ሕንጻ ሥዕሎች ናቸው፣ በአርክቴክት መስመር የተሳሉ። ሠሪዋ አንብባቸዋለች። ጭጋጉን ያመጣችው ካነበበች በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከጭጋጉ ይጀምራል።

ፎቶ አንሺዋ፦ እሺ፣ በእኩል ወጣን እንበል። ይሄኛውንስ ምን ይሉታል? አዲሱ የንግድ ባንክ ማማ፣ በመስታወቱ ላይ ደመና።

መምህሩ፦ አውጪው።

ፎቶ አንሺዋ፦ ለምን? ብርሃኑ ቆንጆ ነው።

መምህሩ፦ ብርሃኑ ቆንጆ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ከሁለት መቶ ሜትር በላይ የሆነ ማማ ባለበት ከተማ ሁሉ ይቺን ፎቶ አንስተዋታል። እዚያው አካባቢ አንሪ ሾሜት የነደፈው ክቡ የድሮው ንግድ ባንክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ባንክ ማለት ሰው በሙሉ ልቡ ገብቶ ከኮርኒሱ ሥር የሚገረምበት አዳራሽ ነበር። አሁን ባንክ ማለት ከሩቅ የሚታይ ከፍታ ነው። ሁለቱን ባንድ ፍሬም የምታስገቢበት ቦታ ፈልጊ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ፎቶ አንሺዋ፦ ወጣ። ግን የሚያስቸግረኝን ልጠይቅዎ። ሕንጻው ራሱ ተምሳሌት ሆኖ ከተወለደስ? አፍሪካ አዳራሽን ሳነሳ እጄ ይተሳሰራል። አርቱሮ ሜዜዲሚ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያስረክበው ገና ከጅምሩ የነጻይቱ አፍሪካ ምሳሌ ተብሎ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ላይ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ተናግሮ ጨርሷል። እኔ ምን ልጨምር?

መምህሩ፦ አትጨምሪ። እንዲያ ያለ ሕንጻ ሲገጥምሽ ሥራውን አንሺ። ያ መስታወት እኮ ቁርጥራጭ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተያይዞ ነው «ነገ» የሆነው። ሕንጻው ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2024 እስኪከፈት ድረስ እየተፈታ፣ እየተጠረገ፣ እየተመለሰ ነው የከረመው። ነጻነት የሚጸዳ፣ የሚሰነጠቅ፣ የሚጠገን ነገር መሆኑን ያንን ያየ ፎቶ አንሺ ያውቀዋል። ላሊበላም እንዲሁ ነው። ዮርዳኖስ አለ፣ ጎልጎታ አለ፤ ከተማው በሙሉ ኢየሩሳሌምን ሆኖ ነው የተፈለፈለው። ያሁን ፎቶ አንሺ ግን ድሮን ያነሳና ቤተ ጊዮርጊስን ከሰማይ መስቀል አድርጎት ይመለሳል። ምእመኑ እኮ ከሰማይ አይገባም። በጠባቡ ቦይ፣ ግራና ቀኙ አለት ሆኖበት፣ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ መስቀሉን የሚያይ የለም፤ ከፊቱ የሚያየው ግድግዳና በር ነው። ያቺን አካሄድ የሚያሳይ ፎቶ ከመቶ የድሮን ፎቶ እመርጣለሁ።

ፎቶ አንሺዋ፦ የቤርንድና የሂላ ቤሸር ዓይነት ሰው ሆኑብኝ። የጀርመን የውኃ ማማና የከሰል ጉድጓድ መዘውር እየዞሩ፣ ሁልጊዜ በደመናማ ቀን፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊት፣ ጥላ እንኳን ሳይፈቅዱ...

መምህሩ፦ አዎ፣ በ1990 ቬኒስ ላይ የተሸለሙት ደግሞ በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ ነው። ፎቶ አንሺ ሆነው! ግን አንቺን እንደነሱ ሁኚ አልልም፤ እነሱ ፍሬማቸው ውስጥ ሰው አይወዱም ነበር፣ አንቺ ትወጃለሽ።

ፎቶ አንሺዋ፦ እንግዲያው ወደ መስኮቱ እንመለስ። ርዕሱን አነሳሁት። ከሥሩ እንዲህ ልጽፍ ነው፦ «ፒያሳ፣ አዲስ አበባ። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት የሆነ ቤት፤ ኋላ ለሁለት ቤተሰብ የተከፈለ ክፍል መስኮት።» ከዚያ ያነሳሁበት ቀን፣ ከዚያ የፈረሰበት ቀን።

መምህሩ፦ ክፍሉ የተከፈለበት ዓመትስ?

ፎቶ አንሺዋ፦ ባለ ዳንቴሏን እናት እጠይቃቸዋለሁ። ስልካቸው አለኝ፤ አያት ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ችፑዱን ማን እንደመታው፣ መስኮቱ ሲከፈት ተጠያይቀው ይከፍቱ እንደነበር፣ ሁሉንም።

መምህሩ፦ ፎቶውም አንድ ቅጂ ይሰጣቸው። አንተ ደግሞ የምትጽፈው ልጅ፣ ቡናው ከበቃህ ይሄንን ጨምርበት። ቤታቸው እንዲፈርስ ቀን የተቆረጠላቸው ሰዎች ካነበቡት፣ የቤታቸውን ፊት ለፊት ብቻ አንስተው አይመለሱ። ሜትር ይያዙና ክፍሉን ይለኩ፤ የጨመሩትን ግድግዳ፣ የደፈኑትን በር፣ ጣራው የሚያፈስበትን ጥግ ያንሱ። ማን ከማን ጋር በየትኛው በር ይገባ እንደነበር ይጻፉ። ቀኑን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ያስፍሩ፤ በስልክ ያነሱትም ከሆነ አሳትመው ያስቀምጡት።